አዲስ ዕቃ ላስቲኩ አይነሣም

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ሸዕባን ራዲዮ የተቀበረ ዕለት ስለ እጁ የተወራውን ያህል ውሸት በዳንግላ በአንድ ቀን ተወርቶ አያውቅም። የዳሰሰው ሁሉ ይነሣለት ነበር አሉ። ያላዳነው ራዲዮ፣ ያልቀሰቀሰው ቴሌቪዥን የለም አሉ። እኔ ሳሊሕ፣ በሱቁ በረንዳ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ስፌት መኪና የረገጥሁ ሰው፣ ራሴን እየነቀነቅሁ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" እል ነበር። ከሁሉም የባሰው ውሸታም እኔ ነበርሁ።

መልካም እጅ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ነበረው። ራዲዮ ራዲዮ በነበረበት ዘመን ከፋግታም ከአንከሻም የሚመጣ ገበሬ ራዲዮውን በጋቢ ጠቅልሎ እሱ ዘንድ ነበር የሚያመጣው። በአገውኛ ያዋራቸዋል፣ ያስቃቸዋል፤ እያሳቀ ጀርባውን ፈትቶ አንዲት ነጥብ ይበይድና ይገጥመዋል። ከመመለሱ በፊት ታዲያ አናቱን በመዳፉ ጠፍ ያደርገዋል። ራዲዮው የሚናገረው በዚያች ጥፊ ይመስል ነበር። ሰዉ እንደዚያ ያምን ነበር፤ ኋላ ኋላ ራሱ ሸዕባንም ሳያምን አልቀረም።

ሌላው ልማዱ የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አለማንሣት ነው። ይህ እንኳ የእሱ ብቻ አይደለም፣ የሁላችንም ነው። የባጃጅ ወንበር ላስቲኩ በራሱ ጊዜ ተቀዳዶ እስኪያልቅ ድረስ ተሳፋሪ ይንሸራተትበታል። የሙሽራ ሶፋ ልጅ ተወልዶ እስኪሸናበት ከነላስቲኩ ይቆያል። ሸዕባን ግን ይብስ ነበር። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲኩ ላይ ከተጠራቀመው እድፍ የተነሣ ቁጥሩ አይታይም፤ የሚቀመጥበት ወንበር በተነሣና በተቀመጠ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ላስቲኩ የተነሣ ዕቃ ያረጀ ዕቃ ነው ይል ነበር፣ እኔም እስማማ ነበር።

ሙስዐብ ከጫግኒ የመጣው በአሥራ አራት ዓመቱ ነው። አባቱ እህል ነጋዴ ነበር፤ ሲሞት አጎቱ አምጥቶ ሙያ ይልመድ ብሎ ለሸዕባን ሰጠው። የሸዕባን ማስተማሪያ ደግሞ አንድ ብቻ ናት። ሠርቶ የጨረሰውን ራዲዮ፣ ልጁ ዞር ሲል አንዲት ሽቦ ይነቅልበታል፣ መልሶ ይገጥመውና "ፈልግ" ይለዋል። ልጁ ደንበኛ እያየው፣ መንገደኛ እየሣቀበት፣ አንድ ቀን ሁለት ቀን ይፈልጋል። ሲያገኝ ምስጋና የለም። ሲያጣ ስድብ አለ። አንድ ጊዜ አራት ቀን ፈልጎ አጥቶ ሲያለቅስ፣ ሸዕባን ሽቦዋን ከኪሱ አውጥቶ በሰው ፊት እንደ ጉትቻ ጆሮው ላይ አንጠለጠለለት። ሣቅን። ከሁሉ በላይ የሣቅሁት እኔ ነበርሁ መሰለኝ።

ልጁ ግን ቂም አልያዘም። አድጎ ባሕር ዳር ሄደ፣ የኮምፒውተርና የሞባይል ጥገና ተማረ፣ ተመልሶ በዚያው በመነኻሪያው መንገድ ከእኛ ስድስት ሱቅ ዝቅ ብሎ ከፈተ። ከመክፈቱ በፊት መጥቶ የሸዕባንን እጅ ስሞ ፈቃድ ጠየቀ። ሸዕባን ደስ ብሎት ፈቀደ፤ ፈቅዶ ብቻም አልቀረ፣ ከዓመት በኋላ ልጁን አፊያን ሊድርለት ቃል ሰጠው። ኒካሁ ከአረፋ በኋላ እንዲታሰር ተቆረጠ። አፊያም ትወደው ነበር። ይህን ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን ይበቃል፤ የኒካሁን ቀሚስ ስለካት ስሙን ባነሣሁ ቁጥር እየሣቀች ስለምትንቀሳቀስ ልኬቱ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብኛል።

ይህ ሁሉ የፈረሰው በአንድ ኮምፒውተር ነው።

አምና ነው። ማስተዋል የምትባል እንጅባራ ፎቶ ቤት ያላት ሴት የዩኒቨርሲቲው ምረቃ ሳይደርስ አዲስ ኮምፒውተር ፈለገች። የተመራቂ ፎቶ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ሥራዋ ነው። ተገጣጥሞ ያለቀ ሳይሆን ዕቃ ዕቃው ከአዲስ አበባ በሳጥን በሳጥን መጣላት፣ የሚገጥምላት ሰው ፍለጋ ዳንግላ ድረስ ወረደች። የጠየቀችው ሙስዐብን ነበር። ሸዕባን ከበረንዳው ላይ ሰማ፣ ጠራት፤ ተማሪ የሚገጥመውን አስተማሪ ያቅተዋል ወይ ብሎ ሳጥኖቹን አስወረደ። ሙስዐብ ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። ጋሼ ካሉ እሳቸው ይሥሩት አለና ሳጥኖቹን ራሱ ተሸክሞ አስገባለት። በልቤ ሞኝ ነው አልሁ። ሞኝ አልነበረም፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ነበር። በእኛ ሰፈር ግን ሁለቱ ብዙ አይለያዩም።

ሸዕባን የኮምፒውተር ሆድ ሳያይ የኖረ ሰው አይደለም። አቧራ ጠርጎ፣ ፋን ቀይሮ ያውቃል። ከባዶ ተነሥቶ ግን አንድም ገጥሞ አያውቅም። ሆኖም ጠረጴዛውን አጽድቶ፣ መነጽሩን አድርጎ ተቀመጠ፤ እኔም ስፌቴን ትቼ አጠገቡ ቆምሁ። ከፋኑ ሳጥን ውስጥ ሥዕል ያለበት የተጣጠፈ ወረቀት ወጣ። ለዓይኔ ደቃቅ ነው ብሎ ለእኔ ወረወረልኝ፣ እኔ አዝራር ቋጠርሁበት። ከዚያ ፋኑን አወጣ። ከሥሩ እንደ መስተዋት የሚያበራ ብረት አለው፤ ይህ ብረት በዋናው ዕቃ፣ ፕሮሰሰር በሚሉት ላይ ተለጥፎ ሙቀቱን የሚስብ ነው። በብረቱ ላይ ስስ ላስቲክ ነበር፣ ጥግ ላይ በቀይ የቻይና ጽሑፍ ያለበት። ሸዕባን በጥፍሩ ጫፉን ነካ ነካ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ።

"ተወው፣ አዲስ ዕቃ ነው" አልሁት። "ይጫጫርብሃል።"

ተወው። በፕሮሰሰሩ ላይ የጥርስ ሳሙና የመሰለውን ቅባት ቀብቶ፣ ፋኑን ከነላስቲኩ አስቀምጦ አራቱን ብሎን አጠበቀ። ሁለታችንም ያማረ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር።

መብራት ሲሰካ ፋኑ ዞረ፣ ሰማያዊ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ምንም የለም። ሸዕባን አናቱን ጠፍ አደረገው። ምንም። ፈትቶ ገጠመው፣ ራሙን ነቅሎ ተከለው፣ አሁንም ጥቁር። ያን ቀን እስከ ማታ፣ በማግስቱም እስከ ቀትር እንዲሁ ሆነ። ወሬው መነኻሪያ ደረሰ። የባጃጅ ሾፌሮች እያለፉ "ጋሽ ሸዕባን፣ ቢቢሲ ይዞልዎታል?" ይሉት ጀመር። የከሰል ጫኝ ሳይቀር ቆሞ ያያል። ሸዕባን ላቡ በመነጽሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ስድሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው፣ ያን ጊዜ ሙስዐብ በተቀመጠባት ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ይፈልጋል። ሳያሳዝነኝ አልቀረም። ግን እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም ብሎኛል፤ ሰው ነኝ።

በሁለተኛው ቀን ሸዕባን ለዙህር ሶላት መስጊድ ሲሄድ ሙስዐብ መጣ። ግራ ቀኙን አየ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ጎንበስ አለ፣ የስክሪኑን ገመድ ከላይኛው ቀዳዳ ነቅሎ ታች ባለው ካርድ ላይ ሰካው። ሌላ ምንም አልነካም። ገመዱ ያለ ቦታው ነበር፣ ያ ብቻ ነው።

"ጋሽ ሳሊሕ፣ እኔ አልመጣሁም" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ራሳቸው ያበሩት ይሁን።"

እሺ አልሁት። ሸዕባን ከሶላት ተመልሶ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ቢስሚላህ ብሎ አናቱን አንድ ጊዜ አቀመሰው፣ ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ በራ። በረንዳው በጭብጨባ ተናጋ። ሸዕባን መዳፉን ወደ ላይ አንሥቶ ለሰው ሁሉ አሳየ፣ ይቺ እጅ እኮ ናት አለ። ከስድስት ሱቅ በታች ሙስዐብ በሩ ላይ ቆሞ አብሮ ሲያጨበጭብ አየሁት።

ደስታው ከአንድ ሰዓት አላለፈም። ማስተዋል በፍላሽ የላከችውን ፎቶ መጫን ሲጀምር፣ ፎቶው በዝቶ ሥራ ሲጸናበት፣ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሣል፤ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ያው ድርግም። ሸዕባን መብራቱ ነው አለና ስታቢላይዘር ተዋሰ። ድርግም። ፓወር ሰፕላዩ ነው አለና ከሌላ ኮምፒውተር ነቅሎ ቀየረው። ድርግም። በአገሩ ኢንተርኔት ከጠፋ ያን ጊዜ ዓመት ሊሞላው ነበርና ገብቶ የሚያይበት ቦታ የለም። ማስተዋል በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ መጣች፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለት ጊዜ ሲጠፋ አየች፣ ከዚያ በሰው መሐል፣ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ፣ ለሙስዐብ ልስጠው እንዴ አለችው።

ያቺ ቃል ገደለችው። እሷ ስትሄድ ወደ እኔ ዞረ። እኔ በሌለሁበት ይኸን ዕቃ ማን ነካው አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። እውነቱን ሙሉውን መናገርም እችል ነበር። እኔ ግማሹን ተናገርሁ። ሙስዐብ ነው አልሁት፣ ለዙህር የሄድህ ጊዜ መጥቶ ከጀርባው ጎንበስ ሲል አይቻለሁ አልሁት። ገመድህን ያለ ቦታው ሰክተኸው ነበር፣ ያበራልህ እሱ እንጂ ጥፊህ አይደለም ማለት አቃተኝ። እንደዚያ ብዬ ብነግረው በረንዳው ላይ ውዬ አላድርም ነበር። በረንዳው የእሱ ነው፤ እኔ በወዳጅነት ነው የተቀመጥሁት።

ሸዕባን ፊቱ በራ። እንደዚያ ያለ ደስታ በሰው ፊት አይቼ አላውቅም። "ፈልግ ነዋ" አለ። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ያስተማርሁትን ነው መልሶ የሠራብኝ።" ከዚህ በኋላ ማንም ምንም ቢለው አልሰማም። የገዛ ተንኮሉን በልጁ ልብ ውስጥ አገኘው፣ አወቀው፣ ተንኮሉንም እንደ ድሮ ወዳጅ ጨበጠው።

ሙስዐብ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ነገሩን በምልክቱ አውቆት ነበርና፣ ጋሼ ሙቀት ነው፣ ፋኑን ያንሡትና ከሥሩ ይዩት አለ። ሸዕባን ጠጋ ብሎ ዓይኑን አየው።

"ከሥሩ ያለውን በምን አወቅህ?"

ልጁ በሙያዬ ነው ቢል አስተማሪው አላወቀም ማለት ይሆንበታል። አንገቱን ደፋ። እኔ መኪናዬን ረገጥሁ።

ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ። ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ ሦስት ሰዎች ተቀመጡ፣ ሸዕባን ከሰሰ። ሙስዐብ ነክተሃል ወይ ተባለ፣ ነክቻለሁ አለ። ለምን ተደብቀህ ተባለ። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። አንተ ተናገርልኝ፣ እኔ ከተናገርሁ አማቴን በሰው ፊት አዋርዳለሁ ማለቱ ነበር፤ በሚገባ ገብቶኛል። እኔ ጫማዬን አየሁ። ልጁ ለክፉ አልነካሁትም ከማለት በቀር ሌላ አልወጣውም። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ነገ ጠዋት በእኛ ፊት ፋኑ ይነሣ፣ ከሥሩ የሚገኘው ይፈርዳል አሉ። ምንም ከሌለ ሸዕባን ይቅርታ ሊጠይቅ፣ የተደበቀ ነገር ከተገኘ ኒካሁ ሊፈርስ።

ሸዕባን እስከ ጠዋት መታገሥ አልቻለም። ወደ ሱቁ እንደ ተመለስን፣ ገና ሳይጨልም፣ በሩን ገርበብ አድርጎ አራቱን ብሎን ፈታ። ፋኑን አነሣ። ላስቲኩ ነበር። እኛ የተውነው፣ ጥግ ላይ ቀይ ጽሑፍ ያለበት፤ በላዩ ቅባቱ ደርቆ በሙቀት ተጨማዷል። የሸዕባን ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ጫፉን ይዞ ላጥ አደረገው፣ አወቀ። ፋኑን መልሶ ሰክቶ አበራው፣ ፎቶውን ሁሉ ጫነበት። ከመግሪብ ሶላት እስከ ዒሻ ሠራ፣ ድርግም አላለም።

ይህን ጊዜ ልጁን ያስጠራዋል፣ ሁለታችንም እንሣቃለን፣ ያልቃል ብዬ ነበር። ሸዕባን ኮምፒውተሩን አጠፋ። ፋኑን እንደገና አነሣና ያችን የተጨማደደች ላስቲክ ብረቱ ላይ መልሶ፣ በአውራ ጣቱ እያሻሸ ለጠፋት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። ሲጨርስ ወደ እኔ ሳያይ ነው የተናገረው።

"ሳሊሕ፣ በረንዳው ተመችቶሃል አይደል?"

"ተመችቶኛል" አልሁት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እኔ ያን ሌሊት ተነሥቼ ውሃ ስጠጣ ውስጤ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር፤ ግን ጠዋት ተነሥቼ ሄድሁ።

ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ፣ መንገደኛው ከበበ። ሸዕባን ፋኑን ፈታና ገለበጠላቸው። ላስቲኩ ታየ። ሙስዐብ ሲያየው መጀመሪያ ደስ አለው፣ ምስኪን፤ ነገሩ የተፈታለት መሰለው። ይኸ እኮ ከፋኑ ጋር የሚመጣ ነው አለ፣ ከፋብሪካው ተለጥፎ ነው የሚመጣው፣ ሲገጠም ሳይነሣ ቀርቶ ነው አላቸው። አንደኛው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። አንተ ሲገጥም አጠገቡ ነበርህ አሉኝ፣ ይኸ ላስቲክ ያን ጊዜ ነበረ ወይ?

ሁሉም አየኝ። ሸዕባን ብቻ አላየኝም፤ ብሎኖቹን በመዳፉ ላይ ይቆጥር ነበር።

"ላስቲክ አላየሁም" አልሁ።

ሙስዐብ አልጮኸም። አፉን ከፈተ፣ የገመዱን ነገር ሊናገር ነው ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ሸዕባንን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ አፉን ዘጋው። የገመዱን ነገር አሁን ቢያወራ ማን ያምነዋል? ምስክሩ እኔ ነኝ። ሸዕባን ላስቲኩን ልጦ ጣለ፣ ፋኑን ገጥሞ ኮምፒውተሩን አበራ፣ እስከ ቀትር ሠራ። ጭብጨባው ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፣ እንዲህ በጭብጨባ ሲሆን ግን ያን ቀን ገና አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ኒካሁ ፈረሰ። ለሙስዐብ ሞባይል የሚሰጥ ሰው ጠፋ፤ ውስጡ ምን ይከትበት ይሆን ይሉ ነበር። ሁለት ወር በባዶ ሱቅ ተቀምጦ ዘጋና ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ማስተዋል ኮምፒውተሩን ወስዳ ምረቃውን ሠራችበት፣ ለሸዕባን ደውላም አመሰገነችው። አፊያ ለአንድ የጫግኒ እህል ነጋዴ ተሰጠች። ያችኑ የተሰፋችውን ቀሚስ አምጥታ ወገቡን አጥብብልኝ አለችኝ፣ ከስታ ነበር። እየለካኋት ድንገት ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ጋሽ ሳሊሕ፣ ያን ላስቲክ እውነት አላዩትም?"

"አላየሁም ልጄ።"

እሺ አለችኝ። ልኬቱ በአንድ ጊዜ ነው የተስተካከለው፤ ቆማ ነበር፣ አልተንቀሳቀሰችም። እሷ ከሄደች በኋላ ለቀሚሱ አዝራር ስፈልግ ያችን ከፋኑ ሳጥን በወጣው ወረቀት የቋጠርሁትን ቋጠሮ ፈታሁ። አዝራሮቹ ወደቁ፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ። ሦስተኛው ሥዕል ሁለት ጣቶች ናቸው፤ ከብረቱ ላይ ላስቲክ ሲልጡ ያሳያል። ማንበብ አያስፈልገውም ነበር። ሕፃን ይረዳዋል። አፊያ ገና ከመንገዱ ማዶ ነበረች፣ ብጠራት ትሰማኝ ነበር። አዝራሮቹን ለቀምሁ።

ሸዕባን ያን ሳምንት አንድ ነገር አደረገ፤ ለሰው እብደት መሰለው፣ እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ። የሱቁን ላስቲክ ሁሉ ላጠ። የሪሞቱን፣ የወንበሩን፣ የግድግዳ ሰዓቱን ሳይቀር። ወንበሩ መንኮሻኮሹን ተወ። ከእኔ ጋርም ማውራት ተወ ማለት ይቻላል፤ ሰላምታ አለ፣ ሌላ የለም። ሌባና ተቀባይ አንድ ቤት ውለው ምን ያወራሉ? ዘንድሮ በረመዳን መውጫ ላይ ታመመ፣ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

ጀናዛው ላይ ሕዝቡ ብዙ ነበር። ሙስዐብን ያየሁት ሰልፍ ስንይዝ ነው፤ ከባሕር ዳር በጠዋቱ መኪና መጥቶ ሦስተኛው ሰልፍ ላይ ቆሟል። ከስቷል። ሰዉ በዓይኑ ይጠቋቆም ጀመር። ኢማሙ ሶላቱን ከማስገባታቸው በፊት እንደ ደንቡ ወደ እኛ ዞሩ፤ በዚህ ወንድማችን ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፣ ወይም ስለ አላህ ብሎ አፉ ይበል አሉ።

እኔ የመጀመሪያው ሰልፍ ላይ ነበርሁ፣ ከሬሳው ሦስት ክንድ ርቄ። ያን ጊዜ መናገር የኔ ፋንታ ነበር፤ አላህም ሰውም አመቻችተው ሰጥተውኝ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከኋላዬ ግን የሙስዐብ ድምፅ ቀደመኝ።

"አፉ ብያለሁ" አለ።

ጉርምርምታው እንደ ንብ ተነሣ። እሱ ነው ወይ ደግሞ ይቅር ባዩ አሉ። የበደለው እሱ፣ አፉ ባዩ እሱ አሉ። አንዱ ጎረምሳ ከሰልፍ ሊያወጣው እጁን ያዘው፣ ኢማሙ ናቸው ተው ያሉት። ሙስዐብ እጆቹን አጣጥፎ ሰገደ፤ ቃሬዛውን ሊሸከም ሲጠጋ ግን ቦታ ነፈጉት። እኔ ተሸከምሁ። ከፊት፣ በቀኝ በኩል።

ከቀብር ስንመለስ መነኻሪያው በር ላይ ደረስሁበት። አንተ ከማለቴ በፊት እንባዬ መጣ፣ ልጄ ለኔም አፉ በለኝ አልሁት። ሲያዳምጠኝ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ለእሳቸው ያልሁት ስለ ሞቱ ነው" አለኝ። "የሞተ ሰው መናገር አይችልም። እርስዎ፣ ጋሽ ሳሊሕ፣ ገና ምላስ አለዎት።"

ይህን ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነ። ሱቁን ከነበረንዳው የወረሰችው አፊያ ናት፤ ጋሽ ሳሊሕን እንዳትነኩብኝ፣ የአባቴ ወዳጅ ነው ብላ ከጫግኒ መልእክት ልካለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኔም ይኸው ለማያውቁኝ ሰዎች እያወራሁ ነው። ወረቀቱ በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ዛሬም አዝራር ተቋጥሮበታል። አፊያ ዘንድ የሚያደርሰው የጫግኒ ሚኒባስ የሚጭነው ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ነው። በቀን አራት ጊዜ ሲሞላና ሲሄድ አያለሁ።